ከአስተርጓሚው ጋር የተቋጠርኩበት ቀን

አክስቴ በሬያቸው የተወሰደባቸው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ብሎ መሬቱ ማረሻ በሚቀበልበት ሰሞን ነው። ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን አባባም አንድ ብቻ ነበራቸው። ሁለቱን አቀናጅተው አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእሳቸውን ያርሱ ነበር። መቀናጆ ማለት ይኼ ነው። አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱም ቤት እንጀራ የሚበላው በዚሁ ነበር። ስለዚህ የጣሊያን ምሽግ ሰዎች አንድ በሬ ነድተው ሲሄዱ የሁለት ቤት እርሻ ይዘው ሄዱ። ብቻውን የቀረ በሬ ወተት የማይሰጥ ላም ነው። ገለባ ይበላል፣ ቆሞ ያይሻል፣ በቃ።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ የምማርበት የሴቶች ትምህርት ቤት በጦርነቱ ተዘግቶ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ሒሳብ፣ ፈረንሳይኛና የመርፌ ሥራ ተምሬአለሁ። ማርቆስ ውስጥ ሒሳቡንና ፈረንሳይኛውን የፈለገ አልነበረም። የመርፌ ሥራውን የሚፈልጉት ሞልተው ነበር፤ እሱን ግን አልቻልኩበትም። ዱር ለመግባትም ጠይቄአለሁ። በእናቴ በኩል ያለ ዘመድ አርበኛ ነበር፤ ሰው ልኬ "ልምጣ" አልኩት። "ስንቅ ላኪ" ብሎ መለሰልኝ። በሶ አዘጋጅቼ ላክሁ። ጠመንጃ ጠይቆ ወንፊት የተሰጠው ሰው እንዴት እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በቤት ውስጥ እየተቅበጠበጥኩ፣ አክስቴን እያሰለቸሁ ተቀመጥኩ።

በሬውን ሊወስዱ የመጡት ሦስት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ናቸው። አስተርጓሚው የከተማችን ልጅ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበረ፤ በኋላ ምጽዋ ወርዶ ወደብ ላይ ሠርቶ ጣሊያንኛ ይዞ ተመለሰ። እናቱ ቅዳሴ የማይቀሩ፣ በደብሩ ሁሉ የሚከበሩ ሴት ናቸው። እሱ ከካኪው ልብስ በላይ ጥለቱ የሚያበራ አዲስ ኩታ ይደርብ ነበር፤ ከታች የጣሊያን፣ ከላይ የእናቱ ልጅ።

"እሜቴ፣ ለጊዜው ነው" አላቸው አክስቴን።

"ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው፣ ልጄ?"

"እስከ ፋሲካ።"

"ከፋሲካ በኋላ ትመልሱልኛላችሁ?"

"ከፋሲካ በኋላማ ተበልቶ" አለ። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ ይኼን እመሰክርለታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሽጉ ውስጥ ካሉት ወታደሮች የሚበዙት ከመረብ ማዶ የመጡ አስካሪዎች ናቸው፤ ክርስቲያኖች፣ ሁዳዴ የሚጾሙ። ለፋሲካ እንዲታረድላቸው ከየቀበሌው በሬ ተሰብስቦ ከምሽጉ ጎን ባለው በረት ይታጎር ነበር። ስለዚህ የአክስቴ በሬ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ በሕይወት እንደሚኖር እናውቃለን። ከኮረብታው ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ይታየን ነበር። ቀይ ነው፣ የግራ ቀንዱ ጫፍ የተሰበረ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ያዩታል። ከዚያ ወርደው ምሽጉ በር ላይ ይቆማሉ። አስተርጓሚው ይወጣል፣ "ነገ ይምጡ" ይላቸዋል፣ በነጋታው ይሄዳሉ። አባባ ደግሞ ሰማዩን እያዩ፣ "ዘንድሮ ካልታረሰ ለከርሞ ምን ልንበላ ነው" ይላሉ፤ ለማንም አይደለም የሚሉት፣ ለሰማዩ ነው።

እኔ ይኼን "ነገ" አልወደድኩትም። አንድ ነገር አሰብኩ። ምሽጉ የሚበላው የእኛን ነው፦ እንቁላሉ የእኛ፣ ቅቤው የእኛ፣ ማገዶው የእኛ። ሴቶቹ አንድ የገበያ ቀን ለምሽጉ ምንም ባይሸጡ፣ በሚቀጥለውም ባይሸጡ፣ የምሽጉ አለቃ ካፒቴኑ በሬውን ራሱ እየጎተተ ያመጣዋል አልኩ። ከቤት ቤት ዞሬ ነገርኳቸው። ሁሉም ተስማሙ። "እንዴታ፣ ልጄ፣ ለእነሱማ ማን ይሸጣል" አሉኝ። ሽምብራ አቅርበው፣ ምረቃ ጨምረው ሸኙኝ። እግሬ እስኪነቃ ዞሬ፣ እምቢ ያለኝ አንድም ሰው ሳላገኝ ቤቴ ገባሁ። አንድም ሰው እምቢ አለማለቱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። እንግዳን ቤቷ አስቀምጣ እምቢ የምትል ሴት ጎጃም ውስጥ አልተወለደችም።

የገበያው ቀን ወደ ምሽጉ የሚያወጣው መንገድ አፍ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣችው በምረቃ ብዛት የሸኘችኝ ሴት ናት። ነጠላዋ ከወትሮው አብጧል፤ ከሥሩ እንቁላል በጭድ ይዛለች።

"እትዬ፣ ምን ነበር የተባባልነው?"

"ተባብለናል፣ ልጄ። አልካድኩም።"

"ታዲያ?"

"ዶሮዎቹ አልሰሙም። ይጥላሉ።"

"አትሽጪላቸዋ።"

"ጾም ነው። ክርስቲያን እንቁላል አይገዛኝ፤ ቤቴ ይገማል። አንቺ ትገዢኛለሽ?"

አልገዛትም። እኔም ጾመኛ ነኝ። ይኼ የኔ ትምህርት ነው፤ የፈረንሳይን ወንዞች በቃሌ እየወረድኩ፣ በሁዳዴ እንቁላልና ቅቤ የሚገዛው ጣሊያን ብቻ መሆኑን ሳላስብ አድማ ጠራሁ። ሴቶቹ ተራ በተራ እያለፉ ሰላምታ ሰጡኝ፤ አንዳንዶቹ ቆመው ስለ አክስቴ በሬ አጽናኑኝ፣ ከዚያ ቅቤያቸውን ይዘው ወደ ምሽጉ ወጡ።

በዚያው ቀን፣ ከዚያው መንገድ፣ አስተርጓሚው ወረደ። አክስቴ ከገበያው ጫፍ ተነሥተው ተከተሉት። "ነገ አልከኝ፤ ዛሬ ነገ ነው" አሉት። እሱ ሳይቆም፣ "ነገ፣ እሜቴ፣ ነገ" አለ። አክስቴ እንደዚያ ከሰው ኋላ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ወፍራም ናቸው፤ ያለከልካሉ። አስቤ ያደረግሁት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላሰብኩም። ሲያልፈኝ የኩታውን ጫፍ ያዝኩ፣ የነጠላዬን ጫፍ ከሱ ጋር ቋጠርኩ፣ "በሕግ አምላክ" አልኩት።

ቆመ። በሕግ አምላክ ከተባለ በኋላ እግሩን የሚያነሣ ሰው የለም፤ እሱም እግሩ የጎጃም ነው።

"ፍቺ" አለኝ።

"ዳኛ ፊት።"

"የምን ዳኛ ነው የምትዪው፣ ቀልደኛ።" ሳቀ፤ ዙሪያውን አየ። ገበያው ሁሉ ዞሮ ነበር፣ የሳቀ ግን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው፣ "ተቆራኝታችኋል፤ ሂዱ እንግዲህ፣ ተዳኙ" አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። ወደ በቅሏቸውም ተመለሱ።

ኩታውን ጥሎ መሄድ ይችል ነበር። ልብሱን ጥሎ የሄደ ሰው ግን ተረትቷል፤ ኩታውም ከሳሽ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፣ መጪው ሁሉ "ይኼ የማን ነው?" እያለ። እናቱም ይሰማሉ። ቋጠሮውን አየው፣ የኩታውን ጥለት አየው፣ ከዚያ ወደ ምሽጉ መሄድ ጀመረ። ቶሎ ቶሎ ሄደ፤ እኔም ቶሎ ቶሎ ሄድኩ። አክስቴ ከኋላ፣ "ቀስ በሉ፣ ነጠላው ይቀደዳል" ይላሉ። የእሳቸው ነጠላ ነበር፤ ተውሼው ነው።

በሩ ላይ የቆመው አስካሪ ቋጠሮውን አየና ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረገ።

"ከሳሽ ማን ነው?"

"እኔ።"

"ተከሳሽ?"

"እሱ" አልኩ።

"ይግቡ" አለን። ሁለታችንንም አንቱ አለን። ከመረብ ማዶም ሕጉ ያው ነው፤ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ የሚሄድ ሰው አይመለስም። አክስቴን ግን አላስገባቸውም፤ ያልተቋጠሩ ስለሆኑ።

ካፒቴኑ ቀጭን፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነበር። ደጋው አልተስማማውም። በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ እኔን፣ ቀጥሎ ቋጠሮውን፣ ቀጥሎ አስተርጓሚውን አየ። አስተርጓሚው ብዙ ተናገረ። ጣሊያንኛ አላውቅም፤ ግን ለፈረንሳይኛ የአክስት ልጅ ነው፣ አንዳንዱ ይገባኛል። የአጎቱ ልጅ እንደሆንኩና ትንሽ እንደሚነካኝ ነገረው።

"ዘመዱ አይደለሁም" አልኩ በፈረንሳይኛ። "ከሳሹ ነኝ።"

ካፒቴኑ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። ፈረንሳይኛ ይችል ነበር፤ እንደ እኔ ክፉኛ።

"ምን አደረገሽ?"

"የአክስቴን በሬ ወሰደ።"

"በሬውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው እርስዎም መቋጠር ይችላሉ። ሌላኛው ጫፍ ባዶ ነው።"

አስተርጓሚው በአማርኛ፣ "አንቺ ልጅ፣ ታስገድዪኛለሽ" አለኝ። ካፒቴኑ ግን አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፍቶ መቀስ አወጣ። ወረቀት የሚቆርጥበት ረጅም መቀስ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና ቋጠሮው ላይ ሊያሳርፈው ሲል፣ አስተርጓሚው ቋጠሮውን በመዳፉ ሸፈነው።

እኔ አይደለሁም የሸፈንኩት። እሱ ነው። ሁለት እጁን አድርጎ፣ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው።

"ምንድን ነው?" አለ ካፒቴኑ።

"አይቆረጥም፣ ጌታዬ። ከተቆረጠ የምረታው እኔ ነኝ።"

"ማን ነው የሚፈርድብህ? እዚህ አገር ዳኛው እኔ ነኝ።"

ይኼ ገባኝ። "እኛም የመጣነው ለዚያ ነው" አልኩ። "ይፍረዱ።"

ካፒቴኑ መቀሱን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ አስነጠሰ። "ከምሳ በኋላ" አለ።

በሩን ተደግፈን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቀትር ነበር፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እኛ ውኃም አንቀምስም። አንድ ጣሊያን ወጥ ቤት ሁለት ሳሕን ይዞ መጣ። አንዱን ካፒቴኑ ፊት አስቀመጠ። ሌላውን ምንም ሳይጠይቅ፣ ከነሹካው፣ አስተርጓሚው ጭን ላይ አኖረ። ማኮሮኒ ነው፣ ሥጋው ላዩ ላይ ቀልቷል። ወጥ ቤቱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት አንድ ነገር አለው። "አይብ" የሚለውን ለየሁ። ዛሬ አይብ ጨምሬልሃለሁ ማለቱ ነው።

አስተርጓሚው ሳሕኑን አየ። ሳሕኑ ይጨስ ነበር።

"የኔ አይደለም" አለ፤ በአማርኛ፣ ለእኔ።

ወጥ ቤቱ አልሄደም። ካፒቴኑ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ፣ "አመመህ እንዴ?" አለው።

"ጾም ነው፣ ጌታዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ይኼን አልተረጎመልኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ በደንብ የተሠራ። ያን ቀን ካደረግሁት ሁሉ ብልኅነት የነበረበት ይኼ ጣሪያ ማየቴ ብቻ ነው፤ በሕይወቴ አፌን ዘግቼ የጠቀመኝም ያኔ ነው። ሳሕኑ ጭኑ ላይ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥን። ሆዱ ጮኸ። እንደ ድመት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "እናቴ ልበ ደካማ ናት" አለኝ።

"ጤና ይስጣቸው" አልኩ።

ከምሳ በኋላ አስተርጓሚነቱ ተሻሻለ። ካፒቴኑ ፊት ቆሞ የሴትየዋን መበለትነት፣ የእርሻውን ወራት፣ የመቀናጆን ነገር፣ ሁለት ቤት በአንድ ጥማድ እንደሚኖር፣ እኔ ካልኩትም በላይ አድርጎ ተናገረ። ካፒቴኑ የሰማ አይመስልም፤ ቋጠሮውን ነበር የሚያየው። በመጨረሻ፣ "አንድ በሬ ስጧትና ይኼን ጨርቅ ከፊቴ አንሡልኝ" አለ።

እንደተቋጠርን ወደ በረቱ ሄድን። የበረቱ ጠባቂ አስካሪ ከበሩ አጠገብ የቆመውን በሬ አወጣልን። ቀይ ነው። ቀይ በሬ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው፤ ደስ አለኝ። በሩ ላይ አክስቴ ቁጭ ብለው ይጠብቁን ነበር። ተነሡ፣ በሬውን ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት፣ ጆሮውን ገልበጥ አድርገው አዩ።

"ይኼ የኔ አይደለም።"

"እሜቴ፣ በሬ በሬ ነው" አለ አስተርጓሚው። "ይኼኛው እንዲያውም ይሻላል፣ ቀንዱ ሙሉ ነው።"

"የሰው ነው። ጆሮውን እንዲህ የሚተለትሉት በደምበጫ በኩል ያሉ ሰዎች ናቸው።"

"እንግዲህ የኔን ሥራ ጨርሻለሁ። ፍቺኝ" አለኝ።

እጄ ወደ ቋጠሮው ሄዷል፣ አልዋሽም። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ በሬ አግኝተናል። አክስቴ ግን፣ "እንዳትፈቺ" አሉ። "የኔን አምጣ።"

"በረቱ ተዘግቷል። ነገ።"

"እንግዲያው እስከ ነገ እንደተቋጠርክ ትቆያለህ።"

አስተርጓሚው እኔን አየኝ። ያላገባሁ ልጃገረድ ነኝ። እሱ ባለ ትዳር ነው። ይኼን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ አሰብነው መሰለኝ፤ ሁላችንም ወደ በሬው ዞርን። በሬው ያመሰኳል። "በል ወደ ቤትህ ውሰደን" አሉ አክስቴ፤ "እኔም አለሁ።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ በከተማው መሐል አለፍን፤ አስተርጓሚው ከፊት፣ እኔ ከጎኑ፣ አክስቴ ከኋላ የማያውቁትን በሬ እየነዱ። ገበያተኛው ገና አልተበተነም። ጠላ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች መጀመሪያ አጎነበሱልን፤ ከዚያ አንዱ፣ "ሙሽሮች፣ ሚዜው በሬው ነው?" አለ።

"ሚዜውም የሰው ነው" አሉ አክስቴ ሳይቆሙ።

የአስተርጓሚው ሚስት ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝ፣ ያየችውም ብዙ አላስጨነቃትም።

"ማን ዳኘ?" አለችው ባሏን።

"ካፒቴኑ።"

"ምን ፈረደ?"

"አንድ በሬ ይሰጣት ብሎ ፈረደ። ሰጠሁ። ይኸውና።"

"የማንን?"

አክስቴ፣ "የማላውቀውን" አሉ።

ሚስቲቱ ሕፃኑን ከጀርባዋ ወደ ጎኗ አዞረች። በሕጉ፣ የተቋጠረ ሰው ዋስ ከጠራ ይፈታል፤ ዋሱ በሰውየው ፈንታ ይያዛል። "ዋሱ እኔ ነኝ" አለች። "ነገ ጠዋት የሴትየዋ በሬ ካልመጣ እኔን ትቆራኙኛላችሁ።"

"አንቺ ለኔ ዋስ ትሆኛለሽ?" አለ፤ ደስ ብሎት።

"ለአንተ አይደለም። ለእሳቸው ነው።"

ቋጠሮው ቀኑን ሙሉ ስንጓተት ጠብቆ ስለነበር በጣት እምቢ አለ። በጥርሷ ፈታችው። ነጠላው ጫፉ ላይ ተጨማደደ፤ አክስቴ እስካሁን ይወቅሱኛል።

በነጋታው ጠዋት በራችን ላይ መጡ። ሚስቲቱ ከፊት ገመዱን ይዛ፣ ባሏ ከኋላ። በሬው ከስቷል፣ ጎኑ ላይ የበረት ጭቃ ደርቋል፣ የግራ ቀንዱ ግን ተሰብሯል። አክስቴ ወደ በረቱ አስገብተው ውኃ አቀረቡለት፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆዩ። አባባ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ "ዛሬ ይረፍ፤ ነገ እንጠምዳለን" አሉ።

"እንግዲህ ያኛውን ይስጡኝ" አለ አስተርጓሚው።

"የማን ነው?"

"የመንግሥት ነዋ።"

"ጆሮውን አይቼዋለሁ። ባለቤቱ ሲመጣ እሰጠዋለሁ።"

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ነጠላዬን እያስተካከልኩ ነበር። ምንም ሐሳብ አልነበረኝም፣ ከትከሻዬ ወርዶብኝ ነው። ኩታውን ሰብሰብ አድርጎ ሄደ። የበረቱ ጠባቂ ለካፒቴኑ አንዱ በሬ ታሞ ሞተ ብሎ እንደነገረው በኋላ ሰማን። ጠባቂው ምን አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እሱም የገበሬ ልጅ ነው።

ወሬው እንደ ሰደድ ሄደ። በሳምንቱ ሴቶች ከየገጠሩ መጥተው የምሽጉን ሰው እያደኑ መቋጠር ጀመሩ፤ እንቁላሏን የሸጠችብኝ ሴት ሳትቀር፣ ለእህቷ ላም ብላ፣ አንዱን ምስለኔ ከቅዳሴ ሲወጣ ያዘችው። ወሬውን ሰምቶ ባንዳው ሁሉ እንዳይቋጠር ኩታና ጋቢውን ቤት ተወ። በዚያ ብርድ በካኪ ብቻ ይሄዱ ነበር፣ አዝራራቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እያስነጠሱ። የካፒቴኑ ጉንፋን ወደ ሎሌዎቹ ገባ። በዚህ ሳቅን። ከዚያ አንዲት ሴት ነጠላዋን ከአንድ ወታደር ቀበቶ ጋር ቋጠረች፤ ወታደሩ አዲስ መጤ ነበር፣ ሕጉን የማያውቅ። በሳንጃ ቆረጠው፤ ሳንጃው ጣቷንም አገኘ፤ ከዚያ ደግሞ ገረፏት። ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀረ፣ መቋጠሩ ግን አልቀረም። አንዳንዱ ከብት ተመለሰ። የሚበዛው ለፋሲካ ታረደ። የሆነው ይኼ ነው፤ ሌላ ዓይነት አድርጌ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ መሐል የደምበጫው በሬ እኛ ቤት ነበር። ይበላል። ገለባችን ለራሳችን በሬም አይበቃም። መልእክት ወደ ደምበጫ በሚሄዱ ነጋዴዎች ላክን፦ ቀይ፣ ጆሮው እንዲህ የሆነ፣ ባለቤቱ ይምጣ። አልመጣም። እርሻው ዘግይቷል፤ የአክስቴ በሬ ገና ጉልበት አላገኘም፣ ግማሽ ቀን አርሶ ይተኛል።

"ይኼኛው ቆሞ ይበላል፣ የእርስዎ ይለግማል" አሉ አባባ። "ለጥቂት ቀን ይኼን ከኔ ጋር እንጥመደው።"

"የሰው ነው።"

"ለአንድ ቀን።"

"ለአንድ ቀንም የሰው ነው።"

እኔ ጣልቃ ገባሁ። "እትዬ፣ ገለባችንን እየጨረሰ እኮ ነው። ይሥራበት። ከመታረድ ያዳነው ማን ሆነና?"

አክስቴ እንደ ሞኝ አዩኝ። "ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው በሬ ከወሰድኩማ፣ እኔም ምሽግ ልሥራዋ" አሉ።

አባባ ሞፈራቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔም ለሰው በሬ ሣር ላጭድ ማጭድ ይዤ ወጣሁ፤ እያጉረመረምኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙኝ።

ሆሳዕና ሳይደርስ ባለቤቱ መጣ። አጭር፣ አቧራ የጠጣ ሰው ነው፣ ጋቢውን አጣፍቶ። እህል ውኃ ሳይል በቀጥታ ወደ በረቱ ገባ፣ የበሬውን ጆሮ ያዘ፣ ጥርሱን አየ፣ እግሩን አነሣ።

"አረሳችሁበት?" አለ።

"እንዴት ተደርጎ" አሉ አክስቴ። "ሣር እየበላ ነው የከረመው፤ ንክች አላደረግነውም።"

"ምነው?" አለ ሰውየው፣ ቅር ብሎት። "በሬ ሥራ ሲፈታ ይለግማል እኮ።"

አክስቴ አባባን ላለማየት የበሬውን ጀርባ መጥረግ ያዙ። እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ፤ ካልዞርኩ እስቃለሁ። አባባ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሰውየው የደረቀውን ማሳችንን አየ፣ የተጋደመውን የአክስቴን በሬ አየ፣ ባዶውን የገለባ ማማ አየ። ምንም አላመሰገነም። ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና፣ "ቀንበሩ የት ነው?" አለ።

በሬውን እሱ ራሱ ከአባባ በሬ ጋር ጠመደው። መጀመሪያ አልስማማ ብለው ተጓተቱ፤ ከዚያ መስመር ያዙ። የእኛን ማሳ አረሰ፣ በነጋታው የአባባን ግማሽ። አፈሩ እየተገለበጠ ሲጠቁር አክስቴ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ የእሳቸው በሬ ከተመለሰም በኋላ የሌላውን ሰው በሬ ለማየት ይወጡ ነበር፤ ያን ቀን ግን ወደ ኮረብታው ሳይወጡ ዋሉ። እኔ ጅራፍ እንድይዝ ተፈቀደልኝ። አላወቅሁበትም፤ ሰውየው ቀማኝ።

ሲጨርስ ለመንገድ በሶ ቋጠርንለት። ደምበጫ ሩቅ ነው፤ መንገዱም በምሽጉ ሥር ያልፋል። አክስቴ ይኼን ሲያስቡ ነበር።

"በጉድባው በኩል ዞረህ ውረድ" አሉት። "ቢያዩት ይወስዱታል።"

"ቢወስዱት ደግሞ እመጣለሁ" አለ። ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አነሣ፣ ጫፉን በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አድርጎ ጥንካሬውን ሞከረ፣ በትከሻው ጣል አድርጎ በሬውን ከፊት አስቀደመ።